ግብር ክፈል የሚል አንቀጽ ፍለጋ

ሰው በአፉ ይጠፋል ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ አፌን እምብዛም አልከፍትም። ሰፈር የበጠበጥኩት በእጅ ጽሑፌ ነው።

ሥራዬ ሚዛን መጠገን ነው። ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የተሠሩ ሼዶች አሉ፤ ከዳር አራተኛው የእኔ ነው። የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የእህል ነጋዴ ሚዛን፣ የጤና ጣቢያ የሕፃናት ሚዛን፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። ሙያውን ያስተማረኝ የለም። አንድ የተበላሸ ሚዛን ገዝቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሁለት ጊዜ ገጠምኩት። ሦስተኛው አሁንም ካርቶን ውስጥ አለ።

ከዚህ ሥራዬ ሌላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት ተምሯል ተብሎ አይደለም፤ ፊደሌ ስለሚነበብ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የጻፉትን ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሲሞቱ የእድሩ የሰባት ዓመት ታሪክ አብሯቸው ተቀበረ። ስለዚህ መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ መተዳደሪያ ደንቡን ሽማግሌዎቹ ከሚያስታውሱት እየሰበሰብኩ እንደገና መጻፍ ነበር። ጻፍኩት። አንቀጽ አሥራ ሰባት ሳይቀር። አንቀጽ አሥራ ሰባት የገባው የእድሩ ድንኳን ምሰሶ ወድቆ የአንዲት አባል ዲሽ ካጎበጠ በኋላ ነው፤ ዲሹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንድ የአረብ ጣቢያ በቀር አልይዝ አለ። «በእድሩ ንብረት ወይም በእድሩ ሥራ ምክንያት በአባል ላይ ጉዳት ከደረሰ እድሩ ያቃናል» ይላል። ሲጽፉት ያሰቡት ምሰሶ ብቻ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ባቡሩ ከቆመ ዘመን አልፎታል፣ እሳቸው ግን ዛሬም ስብሰባ የሚጀምሩት በደቂቃው ነው። የእድሩን ክብ ማኅተም በመሐረብ ጠቅልለው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ይይዙታል። ሊመቱ ሲሉ ሁለቴ «ሃ! ሃ!» ብለው ይተነፍሱበትና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሙሉ ክንዳቸው ያሳርፉታል። ዓይናቸውን ለምን እንደሚጨፍኑ ጠይቄያቸው አላውቅም። ጸሎት ይመስላል።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ስብሰባ ነው። የወር መዋጮ ተሰብስቦ ልንበተን ስንል ሲሳይ ጎሚስታው ተነሣ። ሲሳይ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል፣ የእድሩም ገንዘብ ያዥ ነው። የእድሩ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፦ አንዱ ጋሽ መኩሪያ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሱ ጋ።

«አንድ ነገር ላሳያችሁ!» ብሎ ስልኩን ከፍ አደረገ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከኋላው መጽሐፍ የተደረደረለት ሰውዬ በአማርኛ ይናገራል። «የፌዴራል የገቢ ግብር እንድትከፍሉ የሚያስገድድ አንድም ሕግ የለም። አለ የሚል አንቀጹን ያሳየኝ!»

ቤቱ በጫጫታ ተሞላ።

«ፌዴራል ነው ያለው፣ ሰምታችኋል?» አለ ሲሳይ። «እኛስ? ፌዴራል አይደለንም?»

«እና እስከ ዛሬ ስንከፍል የኖርነው ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ። እትዬ ዘሃራ ከወሎ መጥተው እዚህ ልጆች ያሳደጉ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፉ ጎረቤቴ ናቸው። የሳቸው ሼድ ከእኔ ቀጥሎ ነው። የስፌት መኪናቸው ድምፅ በቆርቆሮው አልፎ እየመጣ ሚዛኔን ያንቀጠቅጠዋል፤ ትክክለኛ ክብደት ለማየት ክር እስኪቀይሩ መጠበቅ አለብኝ።

«የዋህነታችንን ነዋ የከፈልነው!» አለ ሲሳይ።

ጫጫታው ሲበረታ ጋሽ መኩሪያ ጠረጴዛውን መቱ። «ጸሐፊ!»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ሕጉን ፈልገህ አንብብ። አስገዳጅ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ለሐምሌ ስብሰባ ታቀርባለህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ጋሼ፣ ግብርማ ይከፈላል፣ ይህም ይጠየቃል?» ብሎ ሁላችንንም ይገላግለን ነበር። እኔ ግን «ማሻሻያውንም ጨምሬ ነው የማነበው ወይስ ዋናውን ብቻ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ በአድናቆት አየኝ። አድናቆት እንደ ጠላ ነው፤ ሲጠጡት አያስታውቅም።

ሳሪስ ወርጄ አዋጁን ኮፒ አስደረግሁ። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ አንብቤ ማለፍ አይሆንልኝም። አማርኛውን አነባለሁ፣ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ መዝገበ ቃላት አያለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን አመዛዝናለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ትርጓሜ ነው። ይህ ማለት ይህ ነው፣ ያ ማለት ያ ነው፣ እየተባለ ገጽ ይገለበጣል። «ሰው» የሚለው ቃል እንኳ ትርጓሜ ተበጅቶለታል። እስከዚያ ቀን ሰው መሆኔን የማውቀው እናቴ እንደዚያ ብላ ስለምትጠራኝ ብቻ ነበር። በሕግ ተጽፎ ሳየው አንድ ምሽት ሙሉ እሱው ላይ አመሸሁ፤ ድርጅትም ሰው መሆኑን ሳውቅ ደግሞ ሌላ ምሽት ጨመርኩ።

የሐምሌ መጀመሪያው እሑድ ሲደርስ ከትርጓሜው አልወጣሁም ነበር። ስብሰባው ላይ ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ፣ ቃለ ጉባኤውም ላይ ጻፍኩት። ቃል በቃል እነሆ፦ «እስካሁን በተነበበው የአዋጁ ክፍል ግብር ክፈል የሚል አስገዳጅ አንቀጽ አልተገኘም። ንባቡ ይቀጥላል።»

በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ የተመዘነው ነው ግማሽ።

ጋሽ መኩሪያ ማኅተሙን አወጡ። «ሃ! ሃ!» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማኅተሙ በሙሉ ክብሩ «ንባቡ ይቀጥላል» የምትለዋ ላይ አረፈ። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ከሥሩ አንድ ፊደል እንኳ አልታይ አለ። እርግጥ «እስካሁን» የምትለዋ ቃል ከላይ በግልጽ ተቀምጣለች። ግን ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ «እስካሁን» የምትል ቃል ማን ያያል?

ሲሳይ ወረቀቱን ኮፒ አድርጎ ጎሚስታው ግድግዳ ላይ፣ በሁለት የጎማ ከመነዳሪዎች መካከል ለጠፈው። ከዚያ ኮፒው ኮፒ ወለደ። በሳምንቱ አንድ ሚዛን ይዞ የመጣ ደንበኛ ገላን ኮንዶሚኒየም አየሁት አለኝ፤ ደረጃው ላይ ተለጥፏል፣ ከ«ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ጎን።

አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ አላስከፍልም አለኝ። መንገድ ላይ «ጠበቃው!» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ጠበቃ አይደለሁም ብዬ ማረም ይገባኝ ነበር። እኔ አንድ ግራም እንኳ የማርም ሰው፣ ይህን ግን ሳላርመው አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፍ ነበር።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘሃራ የሼዴ በር ላይ ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ እርግጠኛ ነህ? ለግብር ብዬ ያስቀመጥኳት ነገር አለች። ለመስከረም ጨርቅ ላውላት ብዬ።»

«እስካሁን አላገኘሁም፣ እትዬ።»

«ያንተ እስካሁን ወላሂ ከሌላው ሰው መሐላ ይበልጣል» አሉና ሄዱ። ማግስቱን ሼዳቸው በሰማያዊ ጨርቅ ጥቅል እስከ ጣሪያው ሞላ። ለሦስት ቀን ቀና ብዬ ያንን ሰማያዊ ባየሁ ቁጥር ወደ አዋጁ እመለስ ነበር። ንባቤን አፋጠንኩ።

ሐምሌ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው አንቀጹን አገኘሁት። ልብ በሉ፣ ተደብቆ አይደለም። ትርጓሜው አልቆ ገጹ ሲገለበጥ ርዕሱ በደማቅ ተጽፎ ቆሟል። ከንግድ ሥራ ገቢ የሚያገኝ ግብር ይከፍላል፤ እንደ እኛ ላለው ትንሽ ነጋዴ ደግሞ እንዴትና እስከ መቼ እንደሚከፍል ራሱን የቻለ ቦታ አለው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝኛውንም አነበብኩት፤ ምናልባት በእንግሊዝኛ አያስገድድ እንደሆነ ብዬ። ያስገድዳል። ባልከፈለ ላይ የሚመጣው ቅጣትማ ለብቻው ተዘርዝሯል።

ዝናቡን እየተቀበልኩ ጋሽ መኩሪያ ቤት ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ አንቀጹ ተገኘ!»

«የቱ አንቀጽ?»

«አስገዳጁ።»

«እሰይ! ጎበዝ። በነሐሴ ስብሰባ ታቀርበዋለህ።»

«ጋሼ፣ የመክፈያው ጊዜ የሚያበቃው ሐምሌ ሠላሳ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ቃለ ጉባኤ የሚሻረው በቃለ ጉባኤ ነው። ይህን የጻፍከው አንተው አይደለህ?»

እኔው ነኝ። አንቀጽ ስድስት። ሲጽፉት ሳይሆን ሲደርስባቸው ነው ደንብ የሚገባው።

«አስቸኳይ ስብሰባስ?»

«አስቸኳይ ስብሰባ የሚጠራው ሰው ሲሞት ነው። ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም። በሰፈራችን ያን ሳምንት የታመመ እንኳ ደኅና ውሎ ያድር ነበር።

ስለዚህ ጃንጥላ ይዤ ከሼድ ሼድ ዞርኩ። አንቀጹን በወረቀት ገልብጬ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ለእያንዳንዱ አሳየሁ። ሁሉም አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ማኅተም አለው?» የለውም። «እንግዲያ የፊተኛው ይሻላል።» ሲሳይማ ጎማውን ሳይለቅ ከታች ቀና ብሎ አየኝና «አስፈራሩህ እንዴ?» አለኝ።

«ማንም አላስፈራራኝም። አነበብኩ።»

«ያው ነው» አለ።

ሁሉ ጋ ስዞር ያልገባሁበት አንድ ቤት ነበር፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቆም እንኳ ይመጣሉ ብዬ ጎንበስ እላለሁ። እንዲህ ጎንበስ ቀና ስል ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ።

ያን ዕለት ጠዋት እትዬ ዘሃራ ማኅተም ያለበትን ኮፒ በላስቲክ ጠቅልለው፣ እኔን ሳያማክሩ፣ ግብር መክፈያው ቢሮ ሄደው ኖሯል። ከሰዓት በፊት ጫማቸው በጭቃ ተሞልቶ ተመልሰው የሼዴ በር ላይ ቆሙ።

«የሼዴ ውል ሊታደስ ነው፤ ግብር የከፈልሽበትን አምጪ አሉኝ። ይህንን ለግብር ሠራተኛዋ ሰጠኋት። አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ ጸሐፊውን ይዘሽልኝ ነይ አለች።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልከፈልሽ ውሉ አይታደስም፣ ለሼዱ ወረፋ የያዘ ሰው ሞልቷል አለችኝ። ልጄ፣ ሁለት ሴት ልጅ ያስተማርኩት እዚህች ቆርቆሮ ውስጥ ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም።

«እትዬ፣ አንቀጹን ካገኘሁት አራት ቀን ሆነኝ። ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎ።»

«በል ጫማህን አጥብቅ» አሉ።

ጫማዬን አጠበቅሁ። ሁለት ሱሪ ደረብኩ። ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ በፌስታል ያዝኩ። መንገድ ላይ እትዬ ዘሃራ ፌስታሉን አዩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሳሙና ነው።»

«ለምን?»

«ምናልባት ... ካቆዩኝ ብዬ።»

ጭቃው መሃል ቆመው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አብሽር! ቃሊቲ ተወልደህ ቃሊቲ ብትታሰር ምን ቸገረን? ስንቅ በእግር እናደርሳለን።»

ቢሮው ጢም ብሏል። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ተጠማዟል። ፊት ለፊት ካሉት መካከል ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የሳበ አንድ ሰው ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሲሳይ ነው።

«ጎማ ልሸጥላቸው መጥቼ ነው» አለ ሳልጠይቀው። ጎማ ግን አልያዘም።

ያስጠራችኝ ሠራተኛ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ጽሑፉ የእኔ ነው። ማኅተሙ የእድሩ ነው።»

«በዚህ ወር ከመጣልኝ ወረቀት ሁሉ ሳልቸገር ያነበብኩት ይህን ብቻ ነው» አለች። ሙገሳ ይሁን ክስ አልገባኝም፤ ለማንኛውም አመሰገንኩ። «ማኅተሙ ሥር ግን የሆነ ነገር አለ። ምንድን ነው?» አለችና ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አነሣችው። በኮፒም ቢሆን የእኔ ቀለም ከማኅተሙ ትንሽ ጠቆር ብሎ ይታያል። ዓይኗን አጥብባ ፊደል በፊደል ለቀመችው። «ንባቡ ... ይቀጥላል።»

ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ያቺን ዓረፍተ ነገር ያነበበ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ቀጠለ?» አለችኝ።

«ቀጠለ።»

«ተገኘ?»

«ተገኘ» ብዬ አንቀጹን፣ ገጹን፣ የግራውንም የቀኙንም ዓምድ በቃሌ ነገርኳት።

«ይህን ለማወቅ ነው ወር ሙሉ የፈጀብህ?» በእስክሪብቶዋ በሩን አሳየችኝ። ከበሩ በላይ፣ እኔ አሁን በሥሩ ባለፍኩበት ግድግዳ ላይ፣ በክንድ በሚያህል ፊደል ተጽፎ ተሰቅሏል፦ ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታ ነው። ትንንሽ ፊደል ሳነብ ኖሬ ትልቅ ፊደል ማየት ትቼ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ጣልቃ ገቡ። «ሰውየው ግን በስልክ ምሎ ተናግሯል፣ የኔ እመቤት። መጽሐፍ ከኋላው ደርድሮ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሲሳይ ጋ አለ። ሲሳይ! ና ጎማህን ይዘህ!»

ሲሳይ ከሰልፉ እየተጎተተ መጥቶ ስልኩን ከፈተ። ሠራተኛዋ እስከ መጨረሻው አየችው። እኛ እስከ መጨረሻው አይተነው አናውቅም ነበር፤ «አንቀጹን ያሳየኝ» ካለ በኋላ ያለውን ሁልጊዜ ጫጫታ ይበላዋል።

«ይህ ሰውዬ የሚያወራው ስለ አሜሪካ ሕግ ነው» አለች። «ይኸው ከኋላው ባንዲራውም አለ።»

ሲሳይ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ባንዲራውን አየ። ኮፍያውን ሌላ አንድ ጣት ወደ ታች ሳበ።

«እዚያስ ቢሆን እውነት አይከፈልም?» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ የጀመሩትን ነገር ሳይጨርሱ መተው አይወዱም።

«እዚያም ይከፈላል፣ እማማ። ሕግ የለም እያሉ ፍርድ ቤት የቆሙ ሁሉ ተፈርዶባቸዋል። አሁን እርስዎ ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይክፈሉ። ከዚያ በኋላ የእኔ እጅ አይገባበትም።»

እትዬ ዘሃራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጨርቅ አትቀበሉም? ሰማያዊ ነው። ጥሩ ጨርቅ ነው።»

ሠራተኛዋ ሻይዋን አንሥታ ሳትጠጣው አስቀመጠችው።

ስንመለስ እትዬ ዘሃራ ሼዳቸው ገብተው ሰማያዊውን ጥቅል መቁጠር ጀመሩ። እኔ ቤቴ ገብቼ ሌላ የማውቀው መላ ስለሌለ የማውቀውን አደረግሁ፤ አነበብኩ። የእድሩን ደንብ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ። በዚህ ጊዜ ግን ትርጓሜው ላይ አልቆየሁም።

ሐምሌ ሠላሳ ገና ወፍ ሲንጫጫ ጋሽ መኩሪያ በር ላይ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ እድሩ በሥራው ምክንያት በአባል ላይ ጉዳት አድርሷል። አንቀጽ አሥራ ሰባት።»

«ደግሞ ምሰሶ ወደቀ?»

«ማኅተም ነው የወደቀው፣ ጋሼ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን ሳይደርቡ በር ላይ ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ ማኅተሙን ከመሐረቡ ፈቱ፣ ገልብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። «ዓይኔን ስጨፍን አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። «የዘሃራ ባል የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ እንደ ጣቢያ ኃላፊ ቀጥ ብለው «ጥሩምባ ይነፋ!» አሉ።

ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ቶላ ጉዳዩን ሲሰሙ ፊታቸውን አጠቆሩ። «ማን ሞተ ልበል?»

«ማንም አልሞተም። ዝም ብለህ ንፋ።»

«ዝም ብሎማ አይነፋም፣ ጋሽ መኩሪያ። ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ አልሞተም።» ሆኖም ነፉ። ሃያ ዓመት የሞት ጥሩምባ የነፋ አፍ ሌላ ዜማ ከየት ያመጣል? የነፉት ያንኑ የለቅሶውን ነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥቁሩን ለብሶ መጣ። ሴቶቹ ገና ከመንገድ ጀምረው ያለቅሱ ነበር፤ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ። የብዙው ሰው ጥርጣሬ ከጥር ጀምሮ አልጋ የያዙት ባሻ ወልዴ ላይ ነበር። እንዲያውም አንዷ ስማቸውን ጠርታ ደረቷን መታች። ያን ጊዜ ባሻ ወልዴ ራሳቸው በከዘራ ተደግፈው ከበሩ ብቅ አሉ።

«ማነው የቀደመኝ?» አሉ።

ጋሽ መኩሪያ ነገሩን አስረዱ። ማኅተሙን ያለ ቦታው የመቱት እሳቸው መሆናቸውንም ሳይደብቁ ተናገሩ። ከዚያ የእትዬ ዘሃራ ጉዳይ ቀረበ፤ እድሩ ዛሬ ካላበደራቸው ሼዱ ይሄዳል። ጉምጉምታ ተነሣ። ሲሳይ ቁልፉን በኪሱ ውስጥ እያሻሸ «እድር እኮ ለቀብር ነው። ለግብር አውጡ ብሎ የሚያስገድደን አንቀጽ አለ?» አለ።

በስብሰባ ላይ ሳልጠራ ቆሜ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «አለ» አልኩ። «አሥራ ሰባት። እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ።»

«እውነቱን ነው!» አሉ ዲሻቸው የጎበጠው ሴትዮ። «እኔን የካሳችሁኝ በሱ አይደል?»

«እኔ ካሣ አልወስድም» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ብድር ከሆነ እሺ። መስከረም ዩኒፎርሙ ሲወጣ እመልሳለሁ።» ከዚያ ወደ ሲሳይ ዞሩ። «ሲስዬ፣ የትናንቱ ጎማ ተሸጠ?»

እንደዚያ በፍጥነት የተከፈተ ቁልፍ አይቼ አላውቅም።

ቢሮው ስንደርስ ሲስተም የለም ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ አብሮን መጥቷል፤ ያልከፈለው ሁሉም ነዋ! አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ሲስተሙ መጥቶ ሄደ፣ ስምንት ሆነ፣ ዝናብ ጀመረ። ሰልፉ ንቅንቅ አይልም፣ እኛ ደግሞ ጭራው ላይ ነን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ወደ እኛ አየ። የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ጥቁር ሻሽ፣ በከዘራ የሚንቀጠቀጡ ሽማግሌ።

«ምን ጉድ ነው? ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብሎ ሳይጨርስ ፊት ያሉት ሰዎች ዞሩ። «ኧረ አሳልፏቸው! ለቅሶ ላይ ናቸው! ነፍስ ይማር!» ሰልፉ እንደ ባሕር ለሁለት ተከፈለ።

«ይቅርታ፣ በትክክል ለመናገር ...» ብዬ ስጀምር እትዬ ዘሃራ እግሬን ረገጡኝ። በሙሉ ክብደታቸው። ዝም አልኩ። ስለዚያ ዝምታ ከሕሊናዬ ጋር ዛሬም አልተስማማንም።

አሥራ አንድ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ያቺው ሠራተኛ የእትዬ ዘሃራን ደረሰኝ ሰጠቻቸው። ማኅተሟ ባዶ ቦታ ላይ፣ ልክ ፊርማዋ ጎን አርፏል። አይቼ ቀናሁ። እትዬ ዘሃራ ደረሰኙን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ አስገቡና «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተም ግባ ክፈል እንጂ፣ ጠበቃው!» አሉኝ። ከፈልኩ።

በነሐሴ ስብሰባ የመሻሪያውን ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ከጽሑፉ በታች አራት ጣት ባዶ ቦታ ተውኩና በእርሳስ ክብ ሠራሁበት። ከዚያ ለራሴ ቅጣት እንዲጣልብኝ ጠየቅሁ። ጋሽ መኩሪያ ተደነቁ።

«እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚቀጣ አንቀጽ አለን?»

«የለንም፣ ጋሼ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ማንም ሳያስገድድህ ለምን ትከፍላለህ?»

«እድርስ ግቡ ብሎ ያስገደደን ማን አለ?»

እትዬ ዘሃራ ከኋላ «ይከፍል! የልቡን ያድርስ» አሉ። ከፈልኩ። ጋሽ መኩሪያ ደረሰኝ በእጃቸው ጻፉልኝ፣ ማኅተሙን ከመሐረቡ አወጡ፣ ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አዩኝ። «ሃ! ሃ!» አሉ። በመጨረሻዋ ሰከንድ ግን ልማድ አሸነፋቸውና ጨፈኑ።

ደረሰኙ ዛሬም ሼዴ ግድግዳ ላይ አለ። ቀኑ ይነበባል፣ የገንዘቡ ልክ ይነበባል፣ ምክንያቱም ይነበባል። ከፋዩ ማን እንደሆነ ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን ካላነሡት አይታይም።